ሁለቱም በአንድ ቀን ሲበላሹ

እትዬ ማኅተም የሚሏቸው ስማቸው ሆኖ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የዕቃ መጋዘን ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ፣ ማታ ማታ በሩን ቆልፈው በቁልፉ ላይ የፈረሙበትን ቁራጭ ወረቀት በሙጫ ይለጥፉ ስለነበር ሠራተኛው ያወጣላቸው ነው። ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑን አስረከቡ፤ ሙጫውን ግን ይዘው ቤት ገቡ። የስኳሩ ቆርቆሮ ይታሸጋል፣ ቁም ሳጥኑ ይታሸጋል። ጎረቤት «ኧረ እትዬ፣ ከማን ነው?» ሲላቸው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። እሳቸው ሲመነጠሩ ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

በቤቱ ከእሳቸው ሌላ ያለችው ምራታቸው ብቻ ነበረች። ልጃቸው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ምራቲቱ እህቷ ጋ መሄድ ስትችል፣ «ጥለሽኝ አትሂጂ» ብለው ስለለመኗት ቀረች። ከሟቹ የተረፈው ድምፅ በአንድ ሲዲ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ በሠርጉ ማግስት ለእናቱና ለሚስቱ የተናገረው፣ ሩብ ሰዓት የማይሞላ። ሲዲው እንዳይጫር ተብሎ ከልጁ አሮጌ ኮምፒውተር ሳይወጣ ይኖራል። ኮምፒውተሩ ሲዲ የሚከተትበት ሁለት ድራይቭ አለው፤ ሲዲው ያለው በላይኛው ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰሙታል። እትዬም መቼም አመል ነውና፣ በላይኛው ድራይቭ መሳቢያ አፍ ላይ የፈረሙበትን ወረቀት ለጥፈዋል።

አንድ እሑድ ኮምፒውተሩ በራ፤ ሲዲው ግን አልናገር አለ። ግርር፣ ግርር አለና ዝም። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ቢሉ የለጠፉት ወረቀት የለም። ምራቲቱ ሌላ ሲዲ አምጥታ በታችኛው ድራይቭ ብትሞክር እሱም እምቢ አለ። ይሄኔ የእትዬ የመጋዘን ደም ፈላ።

«አንዱ ቢበላሽ እርጅና ነው» አሉ። «ሁለቱም በአንድ ቀን ሲበላሹ ግን የሰው እጅ አለበት።»

«የማን እጅ?» አለች ምራቲቱ።

«ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን አለ? ወረቀቱን ቀደሽ ምን ስትጎረጉሪ ነበር?»

ምራቲቱ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። በማግስቱ ልብሷን ሸክፋ እህቷ ቤት ገባች። እትዬ «ንጹሕ ብትሆን ትከራከር ነበር» ብለው ጥርጣሬያቸውን አጸኑ። ጥርጣሬው እንዲህ ጸንቶ ሳለ፣ ጭር ባለው ቤት ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላቸው።

በአራተኛው ቀን ኮምፒውተሩን በታክሲ አስጭነው ጥገና ቤት ወሰዱት። ጠጋኙ ራሰ በራ ጎልማሳ ነው። «ጥለውት ይሂዱና ነገ ይምጡ» ቢላቸው በልባቸው «ደህናውን አውጥተህ የሞተውን ልትከትበት!» እያሉ በርጩማ ስበው ከክርኑ ሥር ተቀመጡ። የፈታውን ብሎን ሁሉ እየተቀበሉ ጭናቸው ላይ በዘረጉት መሐረብ ማጠራቀም ጀመሩ።

«ብሎኑ ስምንት ነው እማማ» አላቸው፣ ቀና ሳይል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ለምዷል።

መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ገመድ ቀየረ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሁለቱን ድራይቮች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ኬብል በሌላ ተካ። አሁንም የለም።

«ኬብል አይደለም» አለ።

«እኔም እኮ ሰው ነው እያልኩህ ነው።»

ጠጋኙ ላይኛውን ድራይቭ ከኬብሉ ነቀለና ታችኛውን ብቻውን ትቶ ኮምፒውተሩን አበራ። ታችኛው ወዲያው ነቃ፤ የመሞከሪያ ሲዲ ሲከትበት ዘፈኑ አምባረቀ። እትዬ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም። ሁለቱም የተሰኩት በአንድ ኬብል ላይ ነው። አንዱ ሲታነቅ ሌላውንም ይዞት ይቆማል። ታችኛው ድሮም ጤነኛ ነው።»

እትዬ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ክሳቸው በአንድ ጊዜ ግማሽ ሆነባቸው።

ጠጋኙ በላይኛው ድራይቭ ፊት ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ከቶ ገፋ። መሳቢያው ግማሽ ድረስ ወጥቶ ያዘ። ክዳኑን ፈትቶ፣ መሳቢያውን ከሚያንቀሳቅሱት ጥርሶች መሃል በወረንጦ አንድ የተጨማደደ ወረቀት ስቦ አወጣ። ሙጫው ሲዲውን የሚያነበውን ሌንስ ሳይቀር ለክፎታል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና «ፊርማ አለበት» አለ።

የእትዬ ፊርማ ነበር።

«ማን ከተተው?» አሉ።

«ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ የመክፈቻው ቁልፍ በትንሹ ከተነካ መሳቢያው ይወጣል። አቧራ ሲወለወል እንኳ። ገፍተው ሲመልሱት የተለጠፈውን ይዞ ገብቶ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ትዝ አላቸው። ኮምፒውተሩ እንደበራ ያለ መነጽር ሲወለውሉ አንድ ነገር ወጥቶ እጃቸውን ገፋ አደረጋቸው፤ እሳቸውም መልሰው ገፉት፣ በቃ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስላቸው ነበር።

ጠጋኙ ሲዲውን ጠራርጎ በታችኛው ከተተ። «እማዬ...» አለ ልጃቸው።

«አጥፋው!» ብለው ጮኹ። «እሷ ሳትኖር አልሰማውም።» ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። ሲዲው ደህና ነው። ድራይቩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን እኔው ገፍቼ ነው ያስገባሁት።»

«አውቃለሁ» አለች ምራቲቱ።

«ታውቂያለሽ?»

«ቅዳሜ ሲወለውሉ መሳቢያው ወጥቶ ሲገፉት አይቻለሁ። ያኔ ልብ አላልኩትም። እሑድ ሲጮኹብኝ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብናገር ምን ይሉኝ ነበር?»

እትዬ መዋሸት ፈለጉ። ጠጋኙ ያልሰማ ለመምሰል መፍቻዎቹን ያስተካክላል።

«አመካኘሽብኝ እልሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቢሆንም ሞከሩ፤ «ይቅር በዪኝ። ነይ ቤትሽ ግቢ፣ አብረን እንስማው» አሉ።

«እሑድ እመጣለሁ» አለች ምራቲቱ። «የምመጣው ግን ልሰማው ነው እማማ፤ ልኖር አይደለም።»

«እሺ» አሉ እትዬ ማኅተም፤ ለምን ብለውም አልጠየቁ።