የማዳም ያርሚላ የጠረጴዛ ልብስ

የሀይቋ ሀኒፋ ካርቱም፣ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አሠሪዋ ማዳም ያርሚላ ቼክ ናት። በአገሯ የተማረ ሱዳናዊ መሐንዲስ አግብታ መጥታ፣ ባሏ ሞቶባት ካርቱም ቀረች። ሁለቱ የሚግባቡት በአረብኛ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ስድብ ነው።

ሀኒፋ ልብስ ስትተኩስ ማዳም አጠገቧ ተቀምጣ የመንደሯን ነገር ታወራለች። ድሩሆቪና የምትባለው መንደር በጠቅላላው አሥራ ዘጠኝ ቤት ናት።

«ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው አባቴ የገባባት። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ጀርመኖች ሲባረሩ የያዙት ሻንጣ ብቻ ነበር። እኛ ስንገባ ሾርባው ምድጃ ላይ፣ ገና ሞቅ እንዳለ። በላነው።»

«ባለቤቶቹስ?»

«ጠላቶች ነበሩ! ዝም ብለሽ ተኩሺ።»

የምትተኩሰው የጠረጴዛ ልብስም ከዚያው ቤት ቁም ሣጥን የተገኘ ነው። ጥጉ ላይ የጀርመኖቹ ስም በቀይ ክር ተጠልፎበታል።

በ1993 የሀኒፋ ልጅ ጦይባ ልትዳር ሆነ። ሀኒፋ ለሰርጉ አገሯ ልትገባ ጀዋዟን ጠየቀች፤ ፓስፖርቷ ከተቀጠረች ጀምሮ በማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው። ማዳም ጀዋዙን ከነጠረጴዛው ልብስ ይዛ መጣች።

«ይሄ ለልጅሽ። ትስገድበት።»

ሀኒፋ እጇን ወደ ጀዋዙ ብቻ ዘረጋች። «ጨርቁ ይቅር፣ ማዳም። ባለቤቱ ሳይፈቅድ በተወሰደ ነገር ላይ ሶላት አይሆንም።»

የማዳም ፊት ቀላ። «አባቴን ሌባ አልሽው?»

«እኔ አልወጣኝም። የሾርባውን ነገር የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ወይ ሁለቱንም ትወስጃለሽ፣ ወይ ሁለቱንም ትተሽ ትወጫለሽ። ያላ!»

ትታ ወጣች። የጎረቤቱ ዘበኛ ኑርሁሴን፣ ያገሯ ልጅ፣ ከበሩ ሆኖ ሰምቷል።

«እቴ ሀኒፋ፣ አብደሻል? ተቀብለሽ ማዶ ስትደርሺ አትጥይውም ነበር?»

«ከተቀበልኩማ ወሰድኩት እኮ።»

«እንግዲያ ልጅሽን ሶላትሽ ይዳርልሽ!»

ሦስት ጊዜ ተመልሳ አንኳኳች። ሁለቱን ጊዜ ማዳም በመስኮት አይታ መጋረጃውን ሳበች። በሦስተኛው ከፈተች።

«አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት በራችን ላይ እንዲህ ቆማ ነበር፤ ‹ቤቴን ልየው› ብላ። እናቴ ውሻ ለቀቀችባት። እኔ ውሻ የለኝም። ሂጂ!»

ጀዋዙ የተገኘው ሰርጉ ካለፈ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ በአጥር ተወርውሮ። ኑርሁሴን ከአቧራው አንስቶ፣ ልብስ እያጠበች ወደምትኖርበት ወደ ጀብራ ሰፈር ወሰደላት።

ሀኒፋ ያን ቀን ወደ ሀይቅ ደወለች። ጦይባ እስከ መጨረሻው አላዳመጠቻትም።

«የማታውቂያቸው ጀርመኖች ከኔ በለጡብሽ?» ብላ ዘጋችባት።

ሀኒፋ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ሁለቱንም ጊዜ ያነሳችው የጦይባ አማት ናት።