ተረከዝ የሚረግጠው ማርሽ

ቶሺኤ ናራሃራ የሞተር ብስክሌቷን ታርጋ በገዛ እጇ ፈታችው። የያዙት ሁለት ቡሎኖች ብቻ ነበሩ፤ ግን ሞተሩ አሥራ ሁለት ዓመት ከቤት ጀርባ ባለው መጋዘን ስለቆመ ዝገቱ አንድ አድርጓቸዋል። ዘይት አጠጣቻቸው፣ በመፍቻ ታገለቻቸው፣ በመጨረሻ ተሸነፉላት። ታርጋውን በጨርቅ ወልውላ ለታላቅ እህቷ ለኩኒኤ ዘረጋችላት።

"እንኪ፤ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ወስደሽ አንቺው ራስሽ መልሺልኝ።"

"ለምን እኔ?"

"እንድታምኚኝ ነዋ። ታርጋ የሌለው ሞተር መንገድ አይወጣም።"

"እማዬ ልትሞት ስትል ሁለተኛ ሞተር ላይ አልወጣም ብለሽ ምለሽላት የለም እንዴ?"

"መንገድ ላይ አልነዳም ነው ያልኳት። የሞተር መሮጫ ሜዳ መንገድ አይደለም።"

"አቤት አንቺ ልጅ! ጠበቃ መሆን ሲገባሽ ፖስታ ቤት ገብተሽ ቀረሽ" አለች ኩኒኤ። ቢሆንም ታርጋውን ተቀበለች፤ በዚያው ሳምንትም ሄዳ መለሰችው።

ቶሺኤ ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ በጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት ደቡብ፣ በተራራ ሥር ባለች ከተማ ደብዳቤ ስታድል ኖራለች። ዝናቡም አውሎ ነፋሱም አላስቀራትም። በፖስታ ቤቱ ቀይ ሞተር ላይ ሆና የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ አሮጊት ደብዳቤ ባይኖራትም በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቅ ታውቅ ነበር። ለራሷ ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቷ አንድ ባለ አራት መቶ ሲሲ ሞተር ገዝታ፣ እሑድ እሑድ በባሕሩ ዳር ትነዳው ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ከጓሮ መንገድ ሳያይ የወጣ ትንሽ የጭነት መኪና ግራ እግሯን ከአጥር ጋር አጣበቀው። ሐኪሞቹ እግሩን አተረፉላት፤ ቁርጭምጭሚቷን ግን በብረት ቸንክረው አደረቁት። ከዚያ ወዲያ እግሯ መርገጥ እንጂ ወደ ላይ መታጠፍ አያውቅም። ፖስታ ቤቱም መስኮት ላይ አስቀመጣት። እናቷ ከአደጋው በኋላ ሦስት ዓመት ኖረች፤ ያንን ቃል ሳትቀበል ግን ዓይኗን አልከደነችም።

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንዲት ሴት መስኮቱ ጋ መጥታ የራስ ቁር በፖስታ ላከች። ጨዋታ ተጀመረ። ሴትዮዋ ከቶሺኤ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ተራራው ላይ ባለው መሮጫ፣ ማንም ሞተሩን ይዞ መጥቶ ያለ ውድድር በሚነዳበት ቀን እየሄደች ትነዳለች። "ደስ የሚለው" አለች ደረሰኟን እየተቀበለች፣ "ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም፤ ከጓሮ የሚወጣም የለም።"

ቶሺኤ ያን ቀን ሥራ እንዴት እንደዋለች አታስታውስም።

ኢዋኪሪ ያኔ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ትንሽ ጋራዥ አለው፤ የፖስታ ሞተሮችን ሲጠግን ስለኖረ ከወጣትነቷ ጀምሮ ያውቃታል። በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

"ፖስተኛዋ፣ ይሄ እኮ ሬሳ ነው" አለ ጋራዡ ያስመጣችውን ሞተር አይቶ።

"ሬሳ ከሆነ አያመውም፤ ይፍቱት።"

ፈቱት። ለመሮጫው የማያስፈልጉት የፊት መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ ስፖኪዮው፣ ክላክሱ፣ የጎን ማቆሚያው ሁሉ ወለቁ። የወለቀውን ሚዛን ላይ ቢያወጡት አሥራ አራት ኪሎ ሆነ። የነዳጅ ሰልባቲዮውን ዝገት በኮምጣጤ ዘፍዝፋ አወጣችው። አራቱ ካርቡሬተሮች ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆ ነበር፤ እያንዳንዷን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጠረገች። የፍሬን ቱቦዎቹን በብረት በተጠለፉ ቀየሩ። የራዲያተሩን ፈሳሽ ደፍተው ንጹሕ ውኃ ሞሉበት፤ ያ ቅባታማ ፈሳሽ መሮጫው ላይ ከፈሰሰ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ያንሸራትታልና። ከሥር ደግሞ የሚንጠባጠበውን ዘይት የሚይዝ የፋይበር ሽፋን ገጠሙ።

ይህ ሁሉ በትዕግሥት የሚሆን ነው። ጭንቁ ማርሹ ነበር። ወደ ላይኛው ማርሽ ለመሄድ ፔዳሉን በእግር ጣት ጫፍ ከሥር ማንሳት ያስፈልጋል፤ የቶሺኤ እግር ደግሞ አያነሳም።

"ማርሽ የሌለው ስኩተር ግዢና ተገላገይ" አለ ኢዋኪሪ።

"አቶ ኢዋኪሪ፣ የፖስታው ሞተር ማርሽ እንዴት ነው የሚገባው?"

"እሱማ ፔዳሉ ከፊትም ከኋላም ነው። በጣትሽ ትረግጫለሽ፣ በተረከዝሽ ት..." አቋረጠ። እግሯን አየ፤ ከዚያ ሞተሩን። "አይሆንም። እዚህ ቦታው ጠባብ ነው።"

"ሃያ አንድ ዓመት ደብዳቤ ያደረሰው ይሄ ተረከዝ ነው። ቦታ እንፈልግለት።"

ኢዋኪሪ የራሱን አንገት አከከ፤ ከዚያ የብየዳ መነጽሩን አነሳ። አምስት ፔዳል ሠርተው አምስቱንም ጣሉ። አንዱ አጠረ፣ አንዱ ተጣመመ፣ አንዱ ጫማዋን ነከሰ። ስድስተኛው ገባ፤ ተረከዟ የኋላውን ሲረግጥ የፊቱ ጫፍ ይነሳል፣ ማርሹም ወደ ላይ ይሄዳል።

በሚያዝያ ሞተሩን በኢዋኪሪ ትንሽ መኪና ጭነው ተራራውን ወጡ። ገና ሞተሮች ከመግባታቸው በፊት በሚደረገው ፍተሻ ላይ አንድ ወጣት መብራቱን ከሥር አብርቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በሽቦ አልታሰረም። ይቅርታ፣ እንዲህ ሆኖ አይገባም።" ቶሺኤ በዋዜማው ዘይት ስትቀይር ሽቦውን ፈትታ ሳትመልሰው ቀርታለች። ኢዋኪሪ ፒንሳውን ይዞ ሊጎነበስ ሲል ቀማችው።

"የረሳሁት እኔ ነኝ፤ የማስረውም እኔ ነኝ።"

አስፋልት ላይ በጀርባዋ ተኝታ አሰረችው። የመጀመሪያው የሃያ ደቂቃ ተራ ግን አመለጣት።

በሁለተኛው ገባች። ሁሉም አለፏት፤ ግድ አልሰጣትም። ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፤ እግሯ የድሮ ሥራውን አልረሳም። አራተኛ ዙሯ ላይ ትልቁን የግራ መታጠፊያ ደፈር ብላ፣ ሞተሩን አዘንብላ ገባችበት። የተረከዙ ፔዳል መሬት ነካ። መሬቱ ወደ ላይ ሲገፋው ማርሹ በራሱ ወደ ታች ወረደ፤ የኋላ ጎማው ያዝ አድርጎ ለቀቀ፣ ሞተሩ ተወናጨፈ፣ ቶሺኤም ቀጥ ብላ ከመሮጫው ዳር ያለው ሣር ውስጥ ገባች። አልወደቀችም። አፏ ውስጥ ግን የዚያን ዝናባማ ጠዋት ጣዕም ቀመሰች።

"በቃ" አለ ኢዋኪሪ ስትመለስ። "ሞከርሽ፣ አየሽው። እህትሽ ምን ትለኛለች?"

ቶሺኤ ተቀምጣ በባሕር አረም የተጠቀለለ የሩዝ ምሳዋን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላች፤ የገብስ ሻይዋን ጠጣች። ከዚያ አጎንብሳ የተላጠውን ፔዳል በጣቷ ለካችው።

"ሁለት ጣት ይረዝማል። መጋዝ አለዎት?"

"አንቺ ሴት፣ ፈርተሽ የለም እንዴ?"

"ፈርቻለሁ። ስለዚህ አሳጥረን እንቁረጠው።"

ኢዋኪሪ ሞተሩን ደግፎ ያዘ፤ እሷ ቆረጠች። የቀረውን በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፉት። ተረከዟ አሁን የሚያርፈው አውራ ጣት በምታህል ብረት ላይ ነው፤ ብትስት ማርሹ አይገባም። ሳትነዳ፣ ቆማ፣ ሃምሳ ጊዜ ረገጠችው።

በሦስተኛው ተራ ያንኑ መታጠፊያ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን፣ ከዚያም የጠዋቱን ያህል አዘንብላ አለፈችው። ምንም አልነካም። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ነዳች፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ቀደመች፤ እሱም ፍሬኑ ግሎበት ሊወጣ ሲል ነበር። ይህን ኢዋኪሪ ለሰው ሁሉ ሲያወራ የፍሬኑን ነገር ይዘለዋል።

ኩኒኤ ያን ዕለት ስልኩን ይዛ ስትጠብቅ ውላ ኖሯል። "ወደቅሽ?" አለች ድምፅዋን እንደሰማች።

"ሣር ውስጥ ገባሁ እንጂ አልወደቅኩም።"

"ሣር መንገድ አይደለም" አለች ኩኒኤ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። ቶሺኤ አሁንም ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ናት፤ በዓመት ሦስት ጊዜም ተራራውን ትወጣለች። የፔዳሉ ወሬ ግን ከእሷ ቀድሞ ሄደ። ባለፈው መከር፣ ጉልበቱ የማይታጠፍለት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከሩቅ አውራጃ ሞተሩን ጭኖ ኢዋኪሪ ጋራዥ ደረሰ። ኢዋኪሪ ሥራው የእኔ አይደለም ብሎ ወደ ቶሺኤ ጠቆመው። እሷ ሰውየውን ሞተሩ ላይ አስቀምጣ በማስመሪያ ትለካ ጀመር።

"ይከብድ ይሆን?" አላት ሰውየው።

"አዎ፣ ይከብዳል" አለችው። "በሉ ጫማዎን ያውልቁ።"