የወንዙ ሰውዬ

ጡሩንባው ሚስቱ የሞተች ዕለት ሥራ ገብቶ ነበር። ይህን ሰምቶ ለመፍረድ የሚቸኩል ካለ ትንሽ ይታገሥ፤ ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ነገር ሁሉ ቆይቶ የሚገባው ሰው ነበር እንጂ።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱን አሮጌ ፒካፕ፣ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ የተጠፈረባትን፣ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ማይክ ይዞ ሲለፍፍ ኖሯል። ውኃ የሚቋረጥበትን ቀን፣ ክትባት የሚሰጥበትን ቦታ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የተገኘ ፍየል፣ የሞተ ሰው። ማይኩን ሦስት ጊዜ በጥፍሩ መታ መታ ያደርግና «የከተማችን ነዋሪዎች፣ ጆሮ አውሱኝ!» ይላል። ድምፁ ወፍራምና ጥርት ያለ ስለሆነ ወንዙን ተሻግሮ፣ በእግር ሃያ ደቂቃ የምታስኬደው ጎረቤት ከተማ ድረስ ይሰማል። የዚያ ሰዎች «የእናንተ ውኃ መጥፋቱን ከእናንተ በፊት የምናውቀው እኛ ነን» እያሉ ይሳለቃሉ።

ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ ጎህ ሲቀድ ሞተች። እሱ ከአጠገቧ ነበር። ከዚያ ወጥቶ የት እንደሚሄድ ጠፋበትና እግሩ እንደለመደው ማዘጋጃ ቤት አደረሰው። ጸሐፊው እንደ ማንኛውም ሟች ወረቀቷን ጽፎ ሰጠው። ሌላ ሰው ያንብበው ያለ አልነበረም፤ ሌላ አንባቢ የታለና! ጡሩንባው መኪናው ውስጥ ገባ፣ ማይኩን መታ መታ አደረገ፣ የተጻፈውን እንዳለ አነበበው። ወይዘሮ እገሊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፣ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ባለቤቴ» አላለም። አንዲት ቃል ከራሱ ከጨመረ እንደሚያለቅስ ያውቅ ነበር፤ እያለቀሱ ደግሞ ማስታወቂያ አይነበብም።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለእናቷ ትኩስ ዳቦ ይዛ ሆስፒታል ልትሄድ ዳቦ ቤት ተሰልፋለች። የአባቷ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ መጣ፣ በአጠገቧ አለፈ። ሰልፈኛው በሙሉ ዞሮ እሷን አያት።

ከቀብሩ በኋላ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባዬ፣ እናቴ መሞቷን እኔና ዳቦ ሻጩ እኩል ሰማን። ያውም እንደ ውኃ መቋረጥ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትምህርቷን እንደጨረሰች ድልድዩን ተሻግራ ጎረቤት ከተማ ስፌት ጀመረች፣ እዚያው አንድ በያጅ አገባች፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ አባቷ ቤት አልተመለሰችም። እሱም አልሄደም። መጀመሪያ ንዴቷ እስኪበርድ አለ፣ ቀጥሎ ትውለድና አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ በየትኛው ፊቴ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ነጎደ።

በሁለቱ መካከል የቀረችው የእሱ ታላቅ እህት ናት። እሱም ልጁም እትዬ ነው የሚሏት። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ልትይዝለት መጥታ አብራው ቀረች። እሑድ እሑድ ድልድዩን ተሻግራ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፣ ከዚያ ወሬውን ለእሱ ሳይሆን ለድስቱ ትነግረዋለች።

«አረገዘች» ትላለች እያማሰለች። ሌላ እሑድ ደግሞ «ሴት ናት፣ ደህና ተገላገለች።» ሌላ ጊዜ «መናገር ጀመረች። አፏማ አይጣል ነው፣ የማን ዘር እንደሆነ እንጃ!»

ጡሩንባው በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የከተማውን ወሬ ሁሉ የሚያውቀው ሰው የራሱን ቤት ወሬ የሚሰማው በድስት በኩል ነበር። እትዬ ሳትመለስ ግን እሑድ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ጫማውም እሑድ እሑድ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

ዘንድሮ ነው እንግዲህ አንድ የቀለም ፋብሪካ «ተወዳጅዋ ትንሽ ከተማ» የሚል ውድድር በኢንተርኔት ያወጣው። ያሸነፈችው ከተማ ዋና መንገዷ ግራና ቀኙን ቀለም ይቀባላታል፣ የልጆች መጫወቻም ይሠራላታል። ለአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ድምፅ። አርባ ከተሞች ጀምረው አንድ በአንድ ተንጠባጠቡና መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ሆኑ፤ ወንዙን የሚጋሩት እነዚሁ ሁለቱ። ሌላ ተፎካካሪ ጠፍቶ ነው ወይ ያሰኛል።

የማዶዋም ከተማ የራሷ ለፋፊ አላት። ድምፁ እንደ ጣሪያ ክዳን ስለሚንኳኳ ቆርቆሮ ይሉታል። ሞንታርቦውን ድልድዩ አጠገብ ካለው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ በጠዋቱ ይጀምራል።

«ከወንዝ ማዶ ላላችሁ ጎረቤቶቻችን! የማዘጋጃ ቤታችሁ ሰዓት ከቆመ አራት ዓመቱ ስለሆነ፣ ውድድሩ ሲያልቅ እኛው እንነግራችኋለን!»

ጡሩንባው ፒካፑን ወንዙ ዳር ድረስ ነድቶ መልሱን ይሰጣል። «ነዋሪዎቻችን፣ ስልክ የሌላችሁ ማዶ ተሻግራችሁ ተዋሱ! የሚደውልላቸው ስለሌለ ስልካቸው ሥራ ፈቶ ነው የተቀመጠው!»

ወዲህ ማዶም ወዲያ ማዶም ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ድልድዩ ሥር ካለችው ሻይ ቤት ተገናኝተው የማን ቀልድ እንደበለጠ ይከራከራሉ። ቆርቆሮ ያላወቀው ነገር ቢኖር ቀልዱ ለእሱ አለመሆኑን ነው። ጡሩንባው ማይኩን ሲይዝ የሚታየው አንድ ቦታ፣ አይቶት የማያውቀው ስፌት ቤት ውስጥ፣ ልጁ የስፌት መኪናዋን አቁማ ፈገግ ስትል ነበር። አንድ እሑድ ማታ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ።

«ትሰማለች?»

«ማን?» አለች እትዬ፣ እያወቀች።

«እ... ሰዉ። የማዶ ሰው።»

«የማዶ ሰው ይሰማል።»

«ይስቃል?»

እትዬ ድስቱን ከደነችው። «አንዳንዱ» አለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፣ በደስታ።

በመጨረሻው ሳምንት እትዬ የበሩን ሁለት ደረጃ ወጥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትቆም ጀመር። «አፈን ያደርገኛል» አለችው። ጡሩንባው ልቡ ማይኩ ላይ ነበር፣ ችኩል ነበር። «ውድድሩ ይለፍና ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ» አላት። ውድድሩ ይለፍና! እሷም እሺ አለች። መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች።

ውድድሩ የሚዘጋው ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጠዋት በሁለት መቶ ድምፅ ይመሩ ነበር፣ ማዶዎቹ። ጡሩንባው ከወፍጮ ቤት ጋራዥ፣ ከጋራዥ ትምህርት ቤት ሲዞር ሰዉ ስልኩን ይዞ በር ላይ እየወጣ ይመርጣል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልዩነቱ ስልሳ ደረሰ። ከንቲባው ራሱ መንገድ ላይ አስቁሞት «አደራ፣ ማይኩን እንዳታስቀምጥ!» አለው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የጎረቤቱ ሴትዮ ባዶ እግሯን መኪናው ፊት ተደነቀረች።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይድረሱ! እትዬ ወደቁ!»

ቤት ሲደርስ እትዬ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ተጋድማለች። ቧንቧው እንደተከፈተ ይፈሳል። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ከአጠገቧ ተንበርክካ ነበር፤ ቀና ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። ጡሩንባው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሄዶ ቧንቧውን ዘጋው።

ጎረቤቲቱ እንባዋን እየጠረገች «እንግዲህ ጋሼ፣ ለሰው ይነገር እንጂ» አለችው።

ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። እጁ በልማድ ማይኩን አነሳ፣ ጥፍሩ አንድ ጊዜ መታ አደረገው። ጠቅ የሚለው ድምፅ በመንገዱ ሄደ፣ አላፊ አግዳሚው ቀና አለ። ድምፁ እስከየት እንደሚደርስ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ማይኩን አስቀምጦ ማጥፊያውን ተጫነና ቁልፉን ነቀለ።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ እያለከለከ ደረሰ። «ምን ሆነሃል? ስልሳ እኮ ነው የቀረን! ስልሳ!»

«ሰው ሞቶብኛል።»

«ማን?»

«አንድ ሰው ሳይሰማ ለማንም አልናገርም» አለ ጡሩንባው። ነርሷንና ጎረቤቲቱን እስኪመለስ አፋቸውን እንዲይዙለት ለምኖ በእግሩ ተነሣ። መኪናዋን ይዞ ቢሄድ ልጁ ገና ከሩቅ ስታያት በሯን እንደምትዘጋ ያውቃል።

ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቆርቆሮ ከጣሪያው ላይ አየው። «ኧረ ጉድ በሉ! ጡሩንባው ራሱ እጅ ሊሰጥ በእግሩ እየመጣላችሁ ነው!» ወንዙ ዳር ያለው ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ጡሩንባው ቀረበ። ቆርቆሮ ፊቱን አየና ቃሉን ሳይጨርስ አቋረጠ፤ መሰላሉን በፍጥነት ወረደ።

«ወንድሜ፣ ምን ገጠመህ?»

«የልጄን ቤት አሳየኝ» አለ ጡሩንባው። «አላውቀውም።»

ቆርቆሮ የራሱን ማይክ ትቶ፣ ውድድሩ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ሲቀረው፣ መንገዱን መራው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። በግድግዳው ጥግ ሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሏል። የሦስት ዓመት ልጅ ወለል ላይ የልብስ ቁልፎች በቀለም በቀለም እየለየች ትደረድራለች። ልጁ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል አባቷን አየች፣ ከዚያ ከኋላው ያለውን መንገድ አየች።

«መኪናህስ?»

«ተውኳት።»

ትንሿ ድምፁን እንደሰማች ቁልፎቿን ጥላ ተነሣች። «እማዬ! የወንዙ ሰውዬ!»

ጡሩንባው ቀልዱ እዚህ ክፍል ድረስ ይገባ እንደነበር፣ በምን ስም ይገባ እንደነበርም አወቀ። ስሙ አንገበገበው።

ልጁ ግን ሌላ ነገር ገብቷት ነበር። «እትዬ ናት?»

«አዎ።»

«ማን ሰማ?»

«ነርሷና ጎረቤታችን ብቻ። ሞንታርቦ አልነካሁም። ከእኔ አፍ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።»

ግንባሯን መኪናዋ ላይ ደፍታ አለቀሰች፣ ሰማያዊው ጨርቅ እስኪርስ። እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ ያሳርፍ አያሳርፍ ሲያመነታ ቆየና አሳረፈው። እጁን አልገፋችውም።

«ደረቷን ያማት ነበር» አለ። «ውድድሩ ይለፍና አልኳት።»

«አንተ ሁሌ ትዘገያለህ፣ አባዬ» አለችው። ወቀሳ ይሁን ምሕረት አልለየውም፤ «አባዬ» የሚለውን ብቻ ያዘ።

ቆየት ብላ አፍንጫዋን ጠርጋ «ያለፈው እሑድ ስልኳን ሰጥታኝ ምረጪልኝ አለችኝ» አለች።

«ለእኛ ነዋ?»

«ለእናንተማ አይደለም። መጫወቻው ይሄ ልጅ ያለችበት ይሁን አለች።»

ጡሩንባው ሳቅ አመለጠው። ከሳቁ ሥር የቆየው ለቅሶም ተከትሎ ወጣ።

ሦስቱ ድልድዩ መሃል ሲደርሱ ከኋላቸው ጩኸትና ሙዚቃ ተነሣ። ማዶዎቹ በሠላሳ ዘጠኝ ድምፅ አሸነፉ። ወዲህ ማዶ የተሰበሰቡት ፊታቸውን አጥቁረው ይጠብቁታል፤ ባለጋራዡ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሰዓት ጥለኸን...» ብሎ ጀመረና ከጎኑ ልጅ አዝላ የምትራመደውን ሲያይ መንገድ ለቀቀላቸው።

ፒካፗ እንደቆመች ናት። ልጁ ትንሿን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። በዚህ ቀን ወረቀት የጻፈለት የለም። ማይኩን ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

«የከተማችን ነዋሪዎች፣ ጆሮ አውሱኝ። እህቴ...» አለና ቆመ። «እህቴ ሞተችብኝ።»

ከዚያ በላይ አልቻለም። ለቅሶው ከሁለቱ ሞንታርቦዎች እየወጣ በጣሪያው ሁሉ ላይ ሄደ፣ ወንዙንም ተሻገረ። የማዶው ሙዚቃ ተቋረጠ። ጡሩንባው አውራ ጣቱ አሁንም የማይኩን ቁልፍ እንደተጫነ መሆኑን ረስቶታል።

«እማዬ፣ የወንዙ ሰውዬ ለምን ያለቅሳል?» አለች ትንሿ።

«የወንዙ ሰውዬ አይደለም» አለች እናቷ። «አያትሽ ነው።»

ይህንንም ሁለቱ ከተሞች እኩል ሰሙት።