በርሜሉ ውሃ እስኪጠግብ

ዛሬ ጠዋት የትንሹን በርሜል ውታፍ ስነቅል ቀድሞ የመጣው የወይራ ጢስ ሽታ ነው። ማሩ ከኋላው ተከተለ። በርሜሉ መሪ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ ሳሎን መሀል፣ ፎጣ ላይ ተቀምጧል። ዓመታት ደርቆ ስለከረመ በሳንቃዎቹ መሀል ብርሃን ያሾልካል። የላከችልኝ የወንድሜ ሚስት ናት። የበርሜሉን ነገር ላጫውታችሁ ካልኩ ቅናቴንም አብሬ ማውራቴ አይቀርም።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ባለች ትንሽ ቤት እናቴ፣ ወንድሜና እኔ እንኖር ነበር። እናቴ ጠጅ ስትጥል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፉን ሽታ ከማሩ ጋር ደባልቆ እስከ ታችኛው መንገድ ያደርሰዋል። እኔ ጋኑን አጥባለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ማጠኛውን ወይራ ከሾላ ገበያ ገዝቼ እፈልጣለሁ። ማሩን ግን አታስነካኝም።

«እጅሽ ገና ነው፤ ይደርሳል» ትለኝ ነበር።

እጅ ስትል ሙያ ብቻ ማለቷ አልነበረም። አንዳንዱ ሰው የነካው ይጥማል፣ አንዳንዱ የነካው ይኮመጥጣል ብላ ታምናለች። አንድ ልጇ ወንድ ነው፤ ሴት ልጇ እኔ ብቻ ነኝ። ተራው የእኔ እንደሚሆን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ወንድሜ አግብቶ ሚስቱን ይዞ እኛው ጋ ገባ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአባቷ ቤት በርሜሉን አስመጣች። አባቷ ለውጭ ሰዎች ምግብ ያበስሉ ነበርና፣ ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለማስታወሻ የሰጧቸው ነው፤ ኦክ ከሚባል የፈረንጅ እንጨት የተሠራ። ወንድሜ ከታክሲው አንስቶ በትከሻው ተሸክሞት ዳገቱን ሲወጣ፣ ጎረቤታችን ከበራቸው ሆነው «ምነው፣ ገና ከአሁኑ ወለዳችሁ እንዴ?» አሉት።

እናቴም በሩ ላይ ጠበቀችው። «ይሄ ደግሞ የየትኛው ደብር ከበሮ ነው?»

«እማማ፣ ጠጁ ለፋሲካ እዚህ ውስጥ ቢቆይ ሌላ ጣዕም ያመጣል» አለች ሙሽሪት። እናቴ ሙሽሪት ነበር የምትላት፤ እሷ ደግሞ እናቴን «እማማ» እና «እርስዎ»።

አስቀድማ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቀችው፤ ከሰል የመሰለ ብናኝ ወጣ። ቀጥላ ሙቅ ውሃ ሞላችበት። ወዲያው በየመጋጠሚያው ያለቅስ ጀመር፤ ግቢው ረጠበ።

«ጎርፍ ነው እንዴ ያመጣሽልን?» አልኳት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ተይው ይጠጣ። እንጨቱ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። ሲጠግብ ዝም ይላል» አለችኝና ሌላ ውሃ ጨመረች።

በማግስቱ ዝም አለ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን በርሜሉ ላይ ለጥፋ አዳመጠችና ሳቀች። ያንን ሳቅ አልወደድኩትም።

ነገር ግን እናቴ ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ ጠጅ አታስገባም።

«ጢሱ መልሶ እንዳያደርቀው እማማ» አለች ሙሽሪት በቀስታ።

«እኔ ጢስ ያበላሸው ጋን አላየሁም!»

ውሃው ተደፋ፤ እኔ የፈለጥኩት ወይራ ተለኮሰ፤ በርሜሉ ቀዳዳው ቁልቁል ሆኖ ጢሱ ላይ ዋለ። በነጋታው ውሃ ቢያስገቡበት እንደ ወንፊት አፈሰሰ። እኔ አሁን ይጣላሉ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሙሽሪት ግን ድስቱን ጥዳ እንደገና ውሃ ታሞቅ ጀመር።

እናቴ ትንሽ አየቻትና «አላልኩዎትም አትይኝም?» አለቻት።

«እርስዎም ልክ ነዎት። ሽታው ገብቷል፤ ያሽትቱት።»

«እርስዎ እርስዎ አትበይኝ! በገዛ ማድቤቴ እንግዳ አደረግሽኝ እኮ። አንቺ በይኝ።»

ሙሽሪት ከድስቱ ሥር ያለውን እሳት ቆሰቆሰች። «አንቺ ብዬ የማውቀው እናቴን ብቻ ነው» አለች። «እሷንም ሳልጠግባት ነው የሞተችብኝ።»

«እንግዲያው ነይ የኔ ልጅ፣ እጅሽን ታጠቢና ማሩን በጥብጪ።»

እኔ ጀሪካን እንደያዝኩ በሩ ላይ ነበርኩ። እናቴን አንቺ የምንላት በዓለም ላይ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጭቃው ግድግዳ በኩል «እማዬ፣ ጌሾው ይበቃሻል?» የሚል ድምፅ ስሰማ መጽሐፌን እዘጋለሁ። ሙሽሪት ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ልብሴን ትተኩስልኛለች፣ ለፈተና ስቀመጥ ሻይ ታመጣልኛለች፤ ይህም አናደደኝ።

ፋሲካ ላይ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ጎረቤታችን ብርሌውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «እንዲህ ያለ ወይራ! የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የልጄ» አለች እናቴ።

እኔ ቀና አላልኩም፤ የዳቦውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ እየለቀምኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖርኩ፤ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ሥራዬ ነው። ባለሥልጣን ጠይቄአለሁ፣ ሐዘንተኛ ጠይቄአለሁ። እናቴን ግን «የትኛዋ ልጅሽ?» ብዬ ሳልጠይቃት አምና ቀበርናት።

ትናንት የወንድሜ ሚስት ከሲ.ኤም.ሲ ደወለችልኝ።

«በርሜሉ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ግን ለምን ላክሽው?»

«ያንቺ ነዋ። ያን ፋሲካ ‹የልጄ› ያለችው አንቺን አይደል?»

«እኔን? ማሩን የበጠበጥሽው አንቺ!»

«የተመሰገነው ወይራው ነው፤ ወይራው ደግሞ ያንቺ ነበር። እኔ እንዴት እንደቀናሁ ብታውቂ! እያየችሽ እኮ ነው የተናገረችው።»

«እውነት አየችኝ?»

«እኔ እንደመሰለኝ።»

ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቃል፤ የምትጠየቀዋ የለችም። እንዲህ ያለ ወሬ ለጋዜጣ አልጽፍም። ነገ ማር ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት፤ «እጅሽንም ይዘሽ ነይ» ስላት ሳቀች።

በርሜሉን ሙቅ ውሃ ሞላሁት። ከጠዋት ጀምሮ ፎጣ እየለወጥኩ ነው። አሁን ጎንበስ ብዬ፣ እናቴ ያኔ እንዳደረገችው፣ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ።

ገና አልጠገበም።