የተኳሿ ቤት እሳት

አንኮበር ውስጥ «ተኳሿ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ደመቀች ግን በዕድሜዋ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። ያበጠ የበሬ ትከሻ፣ ያነከሰች በቅሎ፣ አንዳንዴም ወገቡ አልቃና ያለው ሽማግሌ ሲመጣላት በጋለ ብረት ትተኩሳለች። ሙያውን ከአባቷ ወረሰችው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያኖራትም ያው ብረት ነው። እጇ አይስትም ይባልላታል፤ እሷም ሲባልላት አትጠላም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ደጅ እሳት ማንደድ ተከለከለ። ጭስ ለአርበኞች ምልክት ነው ተባለ። እንስሳ ቤት ውስጥ እንደማይተኮስ ሕፃንም ያውቃል፤ ሕመም ግን የጣሊያንን ፈቃድ አይጠብቅምና ደመቀች ፍሟን ወደ ቤት አስገባች።

አብዱልሀሚድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ጨው የሚጭንባት በቅሎው ትከሻዋ ቢያብጥ ዳገቱን እየጎተተ አወጣትና ደመቀች ቤት ገባ። እሱ ልጓሙን ያዘ፤ እሷ አንዱን መስመር ተኮሰች። ሁለተኛውን ልታስከትል ስትል አብዱልሀሚድ ለበቅሎው አዝኖ ልጓሙን ላላ አደረገላት። በቅሎ ውለታ አታውቅም። ፍሙን በእርግጫ በትናው በበሩ ፈረጠጠች። ፍሙ ጥግ ከተከመረው ጭድ ላይ አረፈ፤ ጎረቤት ውኃ ይዞ እስኪደርስ የሣር ክዳኑ ተያይዞ ነበር።

ወታደሮች ጭሱን አይተው መጡ። አስተርጓሚያቸው አማርኛን ከጦር ሰፈር የለቀመ ሰው ነው። «የማን ቤት ነው?» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ባንድ አፍ «የተኳሿ!» አለ። አስተርጓሚው ወደ አብዱልሀሚድ ዞሮ «አንተስ ለምን መጣህ?» አለው።

«ለተኩስ» አለ አብዱልሀሚድ በየዋህነት።

የክዳኑ ሸምበቆም በእሳቱ ውስጥ ጧ ጧ እያለ መሰከረበት።

የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። በማግስቱ የምርመራው ውጤት ተነገረ። ቤቱ የተቃጠለው የተደበቀ ጥይት ፈንድቶ ነው፤ ጥይቱን ያመጣው ነጋዴው ነው፤ ደብረ ብርሃን ተወስዶ ይሰቀላል። ሴት ትተኩሳለች ብሎ የጣሊያን ምሽግ አዛዥ የሆነው ካፒቴን ስላላመነ ደመቀችን የነካት የለም። ተኳሹ የሞተው ባሏ ይሆናል ብሎ ተዋት።

ደመቀች ብረቷን ከዐመዱ ፈልጋ አወጣችና ወደ ምሽጉ መንገድ ጀመረች። ጎረቤቷ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን ይዛ ጎተተቻት። «እረፊ እንጂ! ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም ነበር» አለች ደመቀች፤ «አሁን ግን ሰው ሊያንቅ ነው።»

ካፒቴኑ ፊት ቆማ «ጌታዬ፣ እሳቱ የተኩስ ነው፤ የጥይት ግን አይደለም» አለች። አስተርጓሚው ግራ ገባው። «ተኩስ ያለ ጥይት? እስቲ ሌላ ቃል ስጪኝ» አላት። አሰበች፤ አጣች። አባቷ ያወረሳት ይህንኑ አንድ ቃል ነው።

ዘበኞቹ የሚሞቁት እሳት ነበር። ብረቱን ከተተችው። ሲግል አወጣችና ክንዷ ላይ አጋደመችው።

«ይኸ ነው ተኩስ» አለች።

አስተርጓሚው አመድ መሰለ። የገዛ ስሕተቱን መናገር ቢከብደውም ተናገረ። ካፒቴኑ ክንዷን አየ። «እንዲህ ያለ እሳት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ አስጠየቃት።

ደመቀች ነደዳት። «ደጅ እንዳላነድ የከለከለኝ ማን ሆነና! ቤቴን ያቃጠለው የእናንተው ትእዛዝ ነው!»

አስተርጓሚው አያት። ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አጭር ነገር ተናገረ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀና ነጋዴው እንዲፈታ አዘዘ።

በር ላይ ስትደርስ «ምን አልኸው?» ብላ አስተርጓሚውን ጠየቀችው።

«እጄ ስቶ ነው ትላለች አልሁት። ያንቺን ብነግረው ኖሮ ሁለታችሁም ትሰቀሉ ነበር።»

ነፍስ ያተረፈውን ውሸት ምን ብላ ትቃወመው? ቃሉ ግን ከምሽጉ ወጥቶ ከተማውን ዞረ። ተኳሿ እጄ ሳተ ብላ አመነች ተባለ። በእህቷ ጓዳ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ከብት ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ልጓሙ መላላቱን እሷ ታውቃለች። ብትናገር ጥፋቱ ተመልሶ አብዱልሀሚድ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ አልተናገረችም። ከክንዷ ይልቅ ይህ አቃጠላት።

አንድ የገበያ ቀን አብዱልሀሚድ በቅሎውን እየሳበ በገበያው መንገድ ዳር ወዳለው የእህቷ ደጅ መጣ። ትከሻዋ ላይ የዳነ አንድ መስመር አለ፤ አጠገቡ እብጠቱ እንዳለ ነው።

«እትዬ ደመቀች፣ ግማሹ ቀርቷል እኮ» አላት፣ ገበያተኛው እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

«እጇ ይስታል ሲሉ አልሰማህም?»

«ወላሂ እጅሽ አልሳተም! ልጓሙን ያላላሁት እኔ ነኝ። አንቺ ይህን ላለመናገር ስምሽን ሰጠሽ።»

ገበያተኛው ቆሞ አዳመጠ። ደመቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ብረቷን ለማምጣት ገባች።

«እንግዲያው ዛሬ ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለችው ስትመለስ።

እሳቱን ደጅ አነደደችው።