ሞት የማያውቀው ስም

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ጉለሌ ውስጥ ዛሬም በዚያ ስም የሚጠሩ ጠና ያሉ ሰዎች አሉ። ልጆቻቸውም የአባት ስም አድርገው ይዘውት ይሄዳሉ፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ማወቄ ምንም አልፈየደልኝም እንጂ አውቃለሁ።

ጣሊያን ከገባ በኋላ በመጣው የካቲት ቤታችን ተቃጠለ። እናቴ ውስጥ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሜም። እኔና አባቴ እንጨት ልንለቅም ወደ እንጦጦ ወጥተን ነበር የተረፍነው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ቤቱን ላቃጠሉት ሰዎች ግንብ ይገነባ ጀመር። እኔ ደግሞ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ካለ የካሚዮን ጋራዥ ገብቼ ለጣሊያኖቹ ሾፌሮች ፓስታ እቀቅል ነበር። ሰው «እንዴት ቻልሽው?» ይለኛል። ምኑን ነው የምችለው? የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ውሃው ይፈላል፣ ፓስታው ይገባል፣ ይወጣል። በቃ።

ከሾፌሮቹ አንዱ ቅንድበ ወፍራም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ጓደኞቹ የሚጠሩት በቤተሰቡ ስም ነው፤ የወታደር ቤት ልማዳቸው እንደዚያ ነበር። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አናውቅም። ሰው የራሱ ስም አለው፣ ከዚያ የአባቱ፣ አለቀ። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ያንን ስም የገዛ ስሙ አድርጎ ያዘው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ሲጠሩት ምላሳቸው ይተሳሰር ነበር።

አንዲት ጎረቤት ነበረችን፣ ልጅ የማይበረክትላት። አንዱ ክርስትና ሳይነሣ ሞተባት፣ አንዷ ጥርስ ስታበቅል፣ ሌላው ድክ ድክ ሲል። በክረምት እንደገና ምጥ ያዛትና ጠናባት። ባሏ ጭቃው ላይ ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ ያ ሾፌር ካሚዮኑን አቆመ። እኔንም ከድስቴ ጠርተው አሳፈሩኝ። ሐኪም ቤት አልደረስንም፤ ልጁ መንገድ ላይ፣ የሲሚንቶ ጆንያ ላይ ተወለደ። ሾፌሩ ካፖርቱን አውልቆ ሰጠንና ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ወይ ጉድ፣ ወንድ ልጅ በሰው ሚስት ምጥ ያለቅሳል እንዴ? ገረመኝ። መገረሜም ገረመኝ፤ ከየካቲት ወዲህ የገረመኝ ነገር አልነበረማ።

ሴትዮዋ ልጇን እንዳቀፈች «ማነው ስሙ ሰውዬው?» አለችኝ። ነገርኳት። ደጋግማ አለችው።

«ይሄ ይሁን» አለች። «ሞት እንዲህ ያለ ስም ሰምቶ አያውቅም።»

ልጅ የሚሞትበት ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። አንዱ ልጁን በውሻ ስም ይጠራዋል፣ ሌላው በጥራጊ፣ ሞት ንቆ እንዲያልፈው። ይኼኛው ስም ደግሞ ጭራሽ ባዳ ነው፤ ሞት ቢመጣም ማንን ብሎ እንደሚጠራ ግራ ይገባዋል። ልጁ ተረፈ። ተረፈ ብቻ ሳይሆን ወፈረ፣ ጉንጩ ተነፋ። ከዚያማ ሰፈሩን ማን ይቻለው! ያን ጊዜ ልጅ ያልቀበረ ቤት አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪዋ ወለደች፣ ያንኑ አወጣች። ከወንዝ ማዶ ያለችው ወለደች፣ ያንኑ አወጣች። ቄሶቹም ምን ቸገራቸው፣ የክርስትናው ስም ሌላ ነው።

ሾፌሩ ይህን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁ ጠፋና ሹካውን አስቀመጠ።

«ስሜ የጣሊያን አይደለም» አለኝ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጁ። «አያቴ ባስክ ነው። ስፔንና ፈረንሳይ በሚዋሰኑበት ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ ሰው በአባቱ አይጠራም፤ በተወለደበት ቤት ነው የሚጠራው። የእኛ ቤት ከአንድ ትልቅ ዛፍ በታች ነበር አሉ። ስሜም ያ ነው፣ ከዛፉ በታች ያለው ቤት ማለት። ከእኛ ቤት ሰው በቀር የያዘው የለም። እኔ ሳልወልድ ብሞት ያልቅ ነበር።»

«የእኛ ሰዎች፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ» አልኩት።

ማታ ለአባቴ አወራሁለት። አባቴ መዶሻውን እየወለወለ «ሰው በቤት ይጠራል እንዴ? ቤትማ ይቃጠላል» አለ።

እኔና ሾፌሩ እንዴት እንደሆንን አልተርክም። ፍቅር ነበር ብል ውሸት ነው፣ አልነበረም ብልም ውሸት ነው። ይበርደኝ ነበር፣ እሱ ይሞቃል። አረገዝኩ።

አባቴ ሆዴ መግፋቱን ሲያይ ከእኔ ጋር መነጋገር ተወ። የሰው አፍ አላስጨነቀኝም፤ የአባቴም ዝምታ ቢሆን የለመድኩት ነው። ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚወለደው ልጅ የማን ሊባል ነው? የአባት ስም የሌለው ልጅ በእኛ ሰፈር ምን ተብሎ እንደሚያድግ አውቃለሁ። ጣሊያኖቹ ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ሰዋቸውን ያስሩ ነበር፤ የተወለደውን ልጄ ብሎ በስሙ ማስጠራትም ክልክል አደረጉ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ሾፌሩ ሊያያት ተደብቆ መጣ፣ ጣቷን ያዘና «ስሜን አትስጫት» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይዞት የለም እንዴ!»

«የእነሱ ልጆች ጥቁሮች ናቸው፣ ማንም አይጠይቅም። እሷን ግን መልኳን ያየ፣ ስሟን የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እኔን ያስሩኛል፤ አንቺንም አይተዉሽም።»

እውነቱን ነበር። መናደድ ነበረብኝ፣ ማልቀስም ነበረብኝ። «እሺ» አልኩና ልጄን ወደ ሌላው ጡቴ አዞርኳት። ብዙም ሳይቆይ ካሚዮኖቹ ወደ ሰሜን ታዘዙ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ድስት እያጠብኩ ነበር፤ እጄ እርጥብ ስለሆነ ክንዴን ጨበጠኝ። ይሙት ይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጄ ክርስትና ስትነሣ አባቴ ሳልጠራው ነጠላውን ለብሶ ከኋላችን መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት አሮጊት ሕፃኗን ገልጠው አዩና «የማን ልጅ ናት?» አሉ። እያወቁ ነው የጠየቁት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«የእኔ ናት» አለ አባቴ። «በእኔ ትጠራ።»

ከስንት ወር ዝምታ በኋላ መሆኑ ነው። ጉልበቱን መሳም ነበረብኝ። እንደ ግንድ ተገትሬ ቀረሁ። እንግዲህ ልጄ የአባቴ ልጅ ተባለች፣ በስም እህቴ ሆነች።

ጣሊያን ወጣ። ልጄ አደገች፣ ነገር የምትለይ ሆነች። አንድ ቀን ቀሚሷ ተቀዶ፣ ፊቷ በአቧራና በእንባ ተለውሶ ገባች።

«እማዬ፣ የአባባ ልጅ አይደለሽም ይሉኛል። ዲቃላ ይሉኛል። አባቴ ማነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

አሁን ማን ያስራል ብዬ አሰብኩ። አባቷ ያስጠጋት ቤት የለ፣ ያወረሳት መሬት የለ፤ ስሙ እንኳ ለእሷ ይድረሳት አልኩ። አጠገቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ልቤ ሲመታ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ደስ አለኝ።

ልጄ ከአጠገቤ ብድግ አለች።

«እሱማ የጎረቤታችን ልጅ ስም ነው።»

«አዎ፣ ግን መጀመሪያ የአባትሽ...»

«የዳቦ ጋጋሪዋም ልጅ ስም ነው። የዚያ የንፍጣሙም ስም ነው። የፈረንጅ ስም አይደለም፣ የእኛ ሰፈር ስም ነው! አንቺም ታሾፊብኛለሽ፣ እማዬ?»

ስለ ተራራው፣ ከዛፍ በታች ስላለው ቤት፣ ስለ ባስክ ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ለስምንት ዓመት ልጅ ከየት ይጀመራል? ያ ልቤ ላይ የነበረው ደስታ እንደመጣ ተመለሰ። «እሺ፣ ተይው» አልኳት።

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ደጅ ወጣች። አጥሩ ላይ ተንጠላጥላ የጎረቤታችንን ልጅ ለጨዋታ ጠራችው። ያንን ስም ጮክ አድርጋ፣ ምላሷ ሳይተሳሰር ጠራችው።

«መጣሁ!» አላት ልጁ።