የግራው ወገን ተራ

ከደብረ ታቦር የወጣነው የቡሄ ዕለት ሲመሽ ነው። ጉሙ ከጉና ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት፣ በየደጁ የተለኮሰው ችቦ ብቻ ቀይ ቀይ ይላል። ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። እኔና አባቴ የተሰጠንን ሙልሙል ለስንቅ ይዘን፣ ዘመድ የምንጠይቅ መስለን በእብናት መንገድ ቁልቁል ወረድን። የይፋጉን መንገድ ጣሊያን ይዞት ነበር።

አሁን በካርቱም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለአገሬ ሰዎችና እንደኛ ለተሰደዱ ነውና፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

በማኅሌት መዘምራን በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ። ቀኙ ያዜማል፣ ዝም ሲል ግራው ይቀበላል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ያድራሉ። አባቴ የግራው መሪ ነበሩ። የቀኙ መሪ መሪጌታ ጥሩነህ ነበሩ። የሁለቱን ድምፅ ለመስማት ከእብናትም ከይፋግም ሰው ይመጣል። ሲወጣም በየመንገዱ «ቀኙ በለጠ»፣ «የለም፣ ግራው» እየተባባለ ይከራከራል። እኔ የቀኙ ደጋፊ ነበርኩ። መሪጌታ ጥሩነህን በየንግሡ ተከትያቸዋለሁ፤ ዜማቸውን ከነመተንፈሻው በቃሌ ይዤዋለሁ። አባቴ እየሳቁ ለጎረቤት «እኔ እያበላሁት ለጥሩነህ የሚያጨበጭብ ልጅ ወለድኩ» ይሉ ነበር።

በወጣንበት ዓመት የጣሊያኑ ሹም ለራሱ በዓል በአደባባይ እንዲዘመርለት አዘዘ። አባቴ እምቢ አሉ። እምቢ ያለ እንደሚታሰር ስለታወቀ መሸሽ ነበረባቸው። መሪጌታ ጥሩነህ ግን ዓይናቸው የጠፋ እናት ነበሯቸውና የትም አልሄድም አሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲለያዩ እኔም ቆሜ ነበር።

«ለእነሱ ከዘመርህ» አሉ አባቴ፣ «ከእንግዲህ ድምፅህን አልቀበልም።»

መሪጌታ አባቴ ግድግዳው ላይ አስደግፈው የረሱትን መቋሚያ አንሥተው በእጃቸው አስያዟቸውና ገቡ።

የአርማጭሆን በረሃ እንዴት እንዳለፍነው ሌሎች ጽፈውታል፤ ጥማቱም ንዳዱም ያው ነው። አባቴ ንዳዱን ደረታቸው ውስጥ ይዘውት፣ ሳል እያጣደፋቸው ተሻገሩ። ሱዳን ገብተን ገዳሪፍ ስንደርስ አንድ የእንግሊዝ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ስደተኛ ይመዘግብ ነበር።

«ሥራህ?» አላቸው አባቴን አስተርጓሚው፣ ልጃቸው የሚሆን ሰው።

«እዘምራለሁ።»

«በዕረፍት ጊዜህ የምታደርገውን አልጠየቀህም። ሥራህን ነው።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው የምዘምረው በለው። እሱ ተቀምጦ እየጻፈ ሠራተኛ ከተባለ፣ እኔ ምን ልባል?»

አስተርጓሚው ይህንን የተረጎመው አይመስለኝም። ሹሙ አጠር አድርጎ ጻፈ፤ «ሥራ የለውም» ማለት መሆኑን በኋላ ሰማን።

ካርቱም ክረምት የምትሉትን ነገር አታውቅም። በነሐሴ ሰማዩ የሚያወርደው አሸዋ ነው፤ ሀቡብ ይሉታል። ኪስራ የሚባል እንጀራ አላቸው፣ ከመሳሳቱ የተነሣ ወጡ ከሥሩ ይታያል። ሰዎቹ ደግ ናቸው። አከራያችን ሐጅ ኢድሪስ ብቻ አባቴ ማለዳ በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ ሲያዜሙ ብቅ ይሉ ነበር። በተማርኳት ዐረብኛ አስተረጉም ነበር። «አባትህን ጠይቃቸው፣ ወለሉ ምን በደላቸው?» አሉኝ አንዴ። አባቴም «አገሬ ቢሆን ይመልስልኝ ነበር በላቸው» አሉ። ሐጅ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ማታ ወተት ላኩልን።

አንድ ቀን ከአስመራ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ሐበሾች በምንሰበሰብበት ሻይ ቤት ሸክላ ይዞ መጣ። ጣሊያኖች በደብረ ታቦር ያስቀዱት መዝሙር ነው አለ። ግራሞፎኑ ሲዞር የሰማሁት የመሪጌታ ጥሩነህን ድምፅ ነው። ተነሥቼ ቆምኩ። ሌሎቹ ግን «የባንዳ ድምፅ ነው፣ ይሰበር» አሉ። የሻይ ቤቱን ባለቤት ለምኜ እዚያው እንዲቀመጥ አስተረፍኩት።

አባቴ አልሰማም አሉ። ስለምናቸው ሰነበትኩ። በመጨረሻ «ለአንተ ስል» ብለው መጡና ጀርባቸውን ለግራሞፎኑ ሰጥተው ተቀመጡ።

የቀኙ ወገን አዜመ፣ አበቃ። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ጸናጽሉ ብቻ ቀስ እያለ ይሰማል። ባለቤቱ ተበላሸ ብሎ መርፌውን ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አሉ አባቴ። ዞረው ነበር። «አልተበላሸም። የእኔ ተራ ነው።»

በግራ በኩል ሌላ ሰው ማቆም ይቻል ነበር፤ መሪጌታ ግን ጣሊያን በሚያስቀዳው ሸክላ ላይ የአባቴን ቦታ ባዶውን ጠበቁት። ጸናጽሉ የአባቴን ዜማ ያህል ቆየ፤ ከዚያ ቀኙ ቀጠለ።

«አመለጠኝ» አሉ አባቴ። «ድገመው።»

ሲደገም አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ቃል እንዳዜሙ ሳል ያዛቸው፤ ደረታቸው እምቢ አለ። እኔ ልረዳቸው አልቻልኩም። የማውቀው የቀኙን ነው፤ እሱ ደግሞ ሸክላው ላይ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ያዙ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመኝታቸው አጠገብ እያስቀመጡ የግራውን ያስተምሩኝ ጀመር። ድምፅ ስላልነበራቸው እኔ ከንፈራቸውን አያለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ክንዴን ይመታሉ። ስሳሳት «ይኼ የጥሩነህ ነው» ይሉና ፈገግ ይላሉ። ዜማው መካከል ላይ ስንደርስ አረፉ። ሐጅ ኢድሪስ ከቀባሪዎቹ ጋር አብረው ሄዱ።

መሪጌታ ጥሩነህ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ነጋዴው አያውቅም። ይህ ጽሑፍ ደብረ ታቦር ከደረሰና በሕይወት ካሉ፣ አባቴ ሸክላውን ሰምተዋል ብላችሁ ንገሩልኝ። ተቀብለዋል በሉልኝ።

እሑድ እሑድ ሻይ ቤቱ እሄዳለሁ። አሁን ሸክላው ይሰበር የሚል የለም። ቀኙ ሲያበቃ እነሣና የተማርኩትን አዜማለሁ። የተማርኩት እስከ ግማሹ ነው። ከዚያ ወዲያ ዝም እላለሁ፤ ጸናጽሉ ብቻውን ይሄዳል።